የሜዳ ሆኪ ተጫዋችን ዓለም አቀፍ ታሪክ በአማርኛ እንዴት እንጻፍ?

የእግር ኳስ ተጫዋችን ታሪክ ለመጻፍ የተነሳ ሰው፣ ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድኑ ስንት ጊዜ እንደተሰለፈና ስንት ግብ እንዳስቆጠረ ካወቀ የጽሑፉን ግማሽ እንደያዘ ይቆጥራል። የሜዳ ሆኪ ተጫዋችን ታሪክ በዚሁ መንገድ የጀመረ ጸሐፊ ግን አንባቢውን ያሳስታል፤ ምክንያቱም በሆኪ የጨዋታና የግብ ብዛት ትርጉም የሚኖረው በየትኛው ውድድር፣ በየትኛው ዘመን ሕግና በየትኛው የሜዳ ክፍል እንደተገኘ አብሮ ሲነገር ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአዲስ አበባ መሃል፣ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ባለው ሰፈር ተቀምጠው ለጋዜጣ፣ ለሬዲዮ ፕሮግራም ወይም ለማኅበራዊ ገጽ የስፖርት ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ነው። ስለ ሩጫና ስለ እግር ኳስ በአማርኛ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ሆኪ የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት በመሆኑ ዛሬ የሚወጣው አንድ ጽሑፍ ነገ ለሌላው ጸሐፊ ምንጭ ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ የገባ ስህተትም ተከታትሎ የሚያርመው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከወትሮው በእጥፍ ያስፈልጋል።

ከመጻፍዎ በፊት ጨዋታውን ይወቁ

የአዲስ አበባ አንባቢ ለሜዳ ሆኪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን በጃንሜዳ የገና ጨዋታ ያየ ሰው፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን መስደድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ይህን የአንባቢ ዕውቀት መነሻ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጨዋታዎች የሚለያዩበትን ቦታ ወዲያውኑ መናገር ያስፈልጋል። በገና የተጫዋቹ ብዛት እንደ ተሰባሰበው ሰው፣ የሜዳውም ስፋት እንደ ቦታው ነው። በሆኪ ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው 91.40 ሜትር በ55 ሜትር ነው፤ ኳሱን መምታት የሚቻለው በዱላው ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው፤ ግብ የሚጸድቀውም አጥቂው ከግቡ ፊት በተሰመረው የግማሽ ክብ ክልል ውስጥ ሆኖ ኳሱን የነካ እንደሆነ ነው። የዚህ ክልል ርቀት ከግቡ 14.63 ሜትር ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ጃንሜዳ ብቅ ብለው ይህን ርቀት በእግርዎ ቢለኩት፣ ሃያ ያህል እርምጃ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ ርቀት ላይ የሚመታ፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም የሆነ ጠጣር ኳስ ወደ ግብ ጠባቂ ሲመጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጠው በዓይነ ሕሊናዎ ይታይዎታል፤ ስለ ግብ ጠባቂ ሲጽፉም ቃላትዎ ሌላ ክብደት ይኖራቸዋል።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በሆኪ ግን ዳኛው ሦስት ዓይነት ካርድ ይዞ ይገባል፤ ሦስቱንም ካርዶች ጸሐፊው ለአንባቢ ሳያብራራ ማለፍ የለበትም። አረንጓዴ ካርድ የተመዘዘበት ተጫዋች ለ2 ደቂቃ፣ ቢጫ የተመዘዘበት ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል፤ ቀይ ያየ ተጫዋች ደግሞ ወደዚያ ጨዋታ አይመለስም። የእግር ኳስ ተመልካች የሆነው የእኛ አንባቢ «ቢጫ ካርድ አየ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመስለዋል፤ በሆኪ ግን ቡድኑ በእነዚያ ደቂቃዎች በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል፤ ብዙ ጊዜም ውጤቱ የሚቀየረው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ከሁሉ በላይ መረዳት የሚያስፈልገው ፔናልቲ ኮርነር የሚባለውን ቅጣት ነው። ተከላካዮች በክልላቸው ውስጥ ጥፋት ሲሠሩ አጥቂው ቡድን ኳሱን ከግቡ ምሰሶ 10 ሜትር ርቆ ከኋላው መስመር ላይ ያስጀምራል፤ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ብቻ ከግቡ መስመር ኋላ ይቆማሉ፤ የተቀሩት ወደ መሃል ሜዳ ይሄዳሉ። ኳሱ ከክልሉ ውጪ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይገባና ይመታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ለዚህ ብቻ የሠለጠኑ መቺዎችም አሉ። ይህን ያልተረዳ ጸሐፊ የግብ ዝርዝሮችን በትክክል ሊያነብ አይችልም፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

በየትኛው ሆኪ፣ በየትኛው ቡድን?

መረጃ ሲሰበስቡ መጀመሪያ የሚጣሩት ነገር ተጫዋቹ የተጫወተው የሜዳ ሆኪ መሆኑን ነው። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሲባል የበረዶው ነው፤ በሜዳ ሆኪም ውስጥ በአዳራሽ የሚደረገው የቤት ውስጥ ሆኪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በሙስካት የዓለም ዋንጫ የተደረገለት የአምስት ተጫዋቾች ሆኪም አለ። የእነዚህ ጨዋታዎች ቁጥር ከ11 ተጫዋቾች ጨዋታ ጋር አይደመርም። ከ21 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫም ለዋናው ብሔራዊ ቡድን እንደተደረገ ጨዋታ አይቆጠርም።

የአንድ ሰው ጨዋታ በሁለት ብሔራዊ ቡድኖች ስም የሚመዘገብበት ሁኔታም አለ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ በዓለም ዋንጫና በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ለየብቻቸው ሲሰለፉ፣ በኦሊምፒክ ግን ታላቋ ብሪታንያ በሚል አንድ ስም ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የታላቋ ብሪታንያ የሴቶች ቡድን አምበል ኬት ሪቻርድሰን ዎልሽ 375 ጊዜ ተሰልፋለች ሲባል፣ ቁጥሩ ለእንግሊዝና ለታላቋ ብሪታንያ የተጫወተችው ተደምሮ ነው። «ለእንግሊዝ 375 ጨዋታ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ በድረ ገጾች ላይ የዚህ ዓይነት ስህተት በብዛት ስለሚገኝ በጥንቃቄ ይዩት።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ማስታረቅ

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሌላው የሚበልጥበትም የሚቸገርበትም ሥራ ይህ ነው። ከእንግሊዝኛ የተገኘን ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሆኪ ትልልቅ ውድድሮች በርካቶቹ የተደረጉት በነሐሴ፣ በጳጉሜንና በመስከረም አካባቢ ነው፤ ይኸውም የእኛ ዓመት በሚለወጥበት ሰሞን ማለት ነው።

የኬንያውን ተከላካይ አቭታር ሲንግ ሶሃልን እንውሰድ። እኚህ ሰው በአራት ኦሊምፒኮች ተሳትፈዋል፤ በሮም 1960፣ በቶኪዮ 1964፣ በሜክሲኮ ሲቲ 1968 እና በሙኒክ 1972፤ በመጨረሻዎቹ ሦስቱም የቡድኑ አምበል ነበሩ። እነዚህ ዓመታት ለእኛ አንባቢ የሩቅ አይደሉም፤ ሮም፣ ቶኪዮና ሜክሲኮ አበበ ቢቂላ የተወዳደረባቸው፣ ሙኒክ ደግሞ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘበት ነው። አሁን ዓመታቱን ወደ እኛ አቆጣጠር እንመልሳቸው። የሮም የሆኪ ፍፃሜ የተደረገው ጳጉሜን 4 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የቶኪዮው ኦሊምፒክ የተደረገው በጥቅምት ስለሆነ 1957 ዓ.ም. ይሆናል፤ የሜክሲኮውም እንዲሁ ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ነው፤ የሙኒኩ ፍፃሜ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ላይ ውሏል። በአራት ዓመት ልዩነት የተደረጉት ኦሊምፒኮች በእኛ ቁጥር መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያም ሦስት ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። በግምት ሰባት ወይም ስምንት የሚቀንስ ጸሐፊ ከእነዚህ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን ያበላሻል። ኬንያ አራተኛ የወጣችበት የመጀመሪያው የወንዶች የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 በባርሴሎና መደረጉን ስንጨምርበት፣ ያ ውድድርና የሙኒክ ኦሊምፒክ ሁለቱም በ1964 ዓ.ም. ውስጥ፣ አንዱ በዓመቱ መግቢያ ሌላው በዓመቱ መውጫ ላይ ያርፋሉ።

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአርጀንቲና ሮሳሪዮ ከተማ የተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ነሐሴ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ተጀምሮ የተፈጸመው በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለውን ውድድር «የ2002» ወይም «የ2003» ብሎ መጥራት ሁለቱም ያከራክራል። እኔ የምመክረው በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናት፣ ይኸውም ውድድሮችን በተለመደው ዓለም አቀፍ ስማቸው ከ«እ.ኤ.አ.» ጋር መጥራት፣ የሕይወት ታሪክ ቀኖችን ደግሞ በእኛ ቀንና ወር ማስፈር ነው። ስሙና ዓመቱ የማይገጥም ውድድርም እንዳለ አይዘንጉ፤ «ቶኪዮ 2020» ተብሎ የሚጠራው ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ምክንያት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2021፣ በእኛ በ2013 ዓ.ም. ነው።

ምንጮችን ስለማግኘት

የዓለም አቀፉ ሆኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ በስዊዘርላንድ ሎዛን ነው። ፌዴሬሽኑ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የውድድር ማኅደር ላይ የጨዋታ ወረቀት የሚባለውን ሰነድ ማግኘት ይቻላል። በዚህ ወረቀት ላይ የተሰለፉት ተጫዋቾች፣ ካርዶቹ፣ እያንዳንዱ ግብ የተቆጠረበት ደቂቃና ዓይነቱ፣ ማለትም በጨዋታ፣ በፔናልቲ ኮርነር ወይም በፔናልቲ ስትሮክ (አንድ መቺ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ተፋጥጦ በሚመታው ቅጣት) መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ለቆዩት ዘመናት የኦሊምፒክ ይፋዊ ውጤቶች የተሻሉ ናቸው። በቤትዎ ኢንተርኔት የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ዓይነት ረጅም የፍለጋ ሥራ ምቹ ነው። የዘመኑን መንፈስ በአማርኛ ለማግኘት ደግሞ በወመዘክር የቆዩ የአዲስ ዘመን እትሞችን አስወጥቶ ማገላበጥ ይጠቅማል፤ አንድ የሆኪ ውጤት ባይገኝባቸው እንኳ በዚያ ሰሞን አገራችንና አፍሪካ በምን ላይ እንደነበሩ ያሳያሉ፤ ይህም ለጽሑፍዎ ጀርባ ይሆናል።

አንድን ቁጥር ከሁለት ቦታ ሳያገኙ አይጻፉ። ሁለቱ ቦታዎች አንዱ ከሌላው የገለበጠ ከሆነ ግን እንደ አንድ ምንጭ ይቆጠራሉ።

ቁጥሮቹን ስለማንበብ

የኔዘርላንድሱ ቴውን ደ ኖየር ለአገሩ 453 ጊዜ ተሰልፏል። በወንዶች እግር ኳስ ለብሔራዊ ቡድን 200 ጨዋታ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያይ ማመን ያቅተዋል፤ ስለዚህ ምክንያቱን መንገር የጸሐፊው ግዴታ ነው። የሆኪ ብሔራዊ ቡድኖች በዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። ከትልልቅ ውድድሮች በፊት ሁለት አገሮች ተከታታይ የወዳጅነት ጨዋታዎችን ያደርጋሉ፤ እነዚህም ይመዘገባሉ። ከ1978 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሻምፒዮንስ ትሮፊ እና ከ2019 ጀምሮ ያለው ፕሮ ሊግ ለጠንካሮቹ አገሮች ተጨማሪ ጨዋታ አስገኝተዋል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሆኪ ቅያሪ ያልተገደበ ነው፤ ተጫዋቹ ወጥቶ ያርፋል፤ ተመልሶም ይገባል። በዚህ ምክንያት አንድ ወጣት ለጥቂት ደቂቃ ገብቶ ቢወጣም ጨዋታው ይቆጠርለታል። ከዚያ በፊት የነበረ ተጫዋች ግን በአብዛኛው ሙሉውን 70 ደቂቃ በእግሩ ላይ ቆሞ ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ጨዋታው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 60 ደቂቃ ሆኗል። ስለዚህ የ1960ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ተጫዋች ከዛሬው ጋር በጨዋታ ብዛት ብቻ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም፤ በተለይ ደግሞ የአፍሪካ ቡድኖች በርቀትና በገንዘብ ምክንያት ከአውሮፓ ቡድኖች ያነሰ ጨዋታ ስለሚያገኙ፣ የኬንያን ወይም የጋናን ተጫዋች በዚህ ሚዛን ማሳነስ ትልቅ በደል ነው።

የግብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የፓኪስታኑ ሶሃይል አባስ በዓለም አቀፍ ጨዋታዎች 348 ግቦችን አስቆጥሯል። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው ፈጣን አጥቂ ይመስለዋል፤ ሶሃይል አባስ ግን ተከላካይ ነበር፤ የግቦቹም አብዛኞቹ የተገኙት ከፔናልቲ ኮርነር ነው። ይህን መናገር ክብሩን አይቀንስም፤ እንዲያውም ያጎላዋል፤ ምክንያቱም የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ኳሱን የሚመታው እሱ መሆኑን እያወቁ ሊያቆሙት ስላልቻሉ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ የሕንዱ ድያን ቻንድ እ.ኤ.አ. በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል፤ በሎስ አንጀለስ 1932 ግን የሆኪ ውድድሩ ላይ የቀረቡት ሕንድ፣ ጃፓንና አሜሪካ ብቻ ነበሩ፤ ሕንድም አሜሪካን 24 ለ1 አሸንፋለች። ታላቅነቱ ሳይነካ የውድድሩ መጠን መነገር አለበት።

ሌላው መጠንቀቅ የሚገባው ጨዋታ በአቻ ውጤት ሲያልቅ የሚደረገው መለያ ነው። በዛሬው ሕግ ተጫዋቹ ከ23 ሜትር ላይ ተነስቶ ግብ ጠባቂውን ብቻ ለብቻው ይገጥማል፤ የሚሰጠውም 8 ሰከንድ ነው። በፓሪስ 2024 ኔዘርላንድስ በወንዶችም በሴቶችም ወርቅ ስትወስድ ሁለቱም ፍፃሜዎች 1 ለ1 አልቀው የተለዩት በዚህ መንገድ ነበር። በመለያው የተቆጠረ ኳስ በተጫዋቹ የግብ ድምር ውስጥ አይገባም።

ሚናው ምን ነበር?

ግብ የማያስቆጥር ተጫዋች ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የሕንዱ ግብ ጠባቂ ስሪጄሽ ነው። በለንደን 2012፣ በሪዮ 2016፣ በቶኪዮ 2020 እና በፓሪስ 2024 ተሰልፏል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነሐስ አግኝቷል፤ የቶኪዮው ነሐስ ለሕንድ ሆኪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ የተገኘ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ይህን ብቻ ጽፎ ማቆም ይቻላል፤ ነገር ግን አንባቢው ሰውየውን አላየውም። በፓሪስ ከታላቋ ብሪታንያ ጋር የተደረገውን ሩብ ፍፃሜ አንድ ጨዋታ መርጦ በቅርብ ማሳየት የበለጠ ይሠራል። በዚያ ጨዋታ አንድ የሕንድ ተከላካይ በ17ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ፤ ቡድኑም ከ40 ደቂቃ በላይ በ10 ሰው ተጫወተ፤ ጨዋታው 1 ለ1 አለቀ፤ በመለያው ሕንድ 4 ለ2 አሸነፈች። በእነዚያ 40 ደቂቃዎች ውስጥ ግብ ጠባቂው ምን እንዳደረገ ጨዋታውን ደግመው አይተው በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ከፓሪስ በኋላ ጫማውን ሲሰቅል የአገሩ ፌዴሬሽን 16 ቁጥር ማሊያው በዋናው ቡድን ለሌላ እንዳይሰጥ ወስኗል።

አንድ ተጫዋች ብዙ ጨዋታዎች አሉት፤ ጽሑፉ ግን ሁሉንም ሊይዝ አይችልም። እኔ የምመክረው አንድ ጨዋታ ብቻ በቅርብ እንዲታይ፣ የተቀሩት በቅደም ተከተል በአጭሩ እንዲያልፉ ነው።

ክፍተቶችን አይዝለሉ

የተጫዋቹን ዓመታት በወረቀት ላይ ሲደረድሩ ባዶ የሆኑ ዓመታት ያጋጥሙዎታል። አብዛኛው ጸሐፊ እነዚህን በዝምታ ይዘላል፤ ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ክፍተቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ልጅ መውለድ፣ ከአሠልጣኝ ጋር አለመግባባት፣ ትምህርት ወይም መደበኛ ሥራም ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት አገሮች በስተቀር በሆኪ ብቻ መተዳደር አስቸጋሪ ነውና። አገሩን ቀይሮ ለሌላ ብሔራዊ ቡድን ለመጫወት የፈለገ ሰው ደግሞ በኦሊምፒክ ቻርተር መሠረት በአብዛኛው ሦስት ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። ማረጋገጥ ካልቻሉ ምክንያት አይፍጠሩለት፤ ዓመታቱን ብቻ በግልጽ ይጻፉ።

ለአፍሪካ ተጫዋቾች ክፍተቱ ፖለቲካ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ከእኛ በተሻለ የሚረዳ አንባቢ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያና ኬንያን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን ሲያገሉ ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ፤ የኬንያ የሆኪ ቡድንም ሳይጫወት ቀረ። ያ ኦሊምፒክ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሜዳ የተደረገበት ስለነበር፣ ጨዋታው ከሣር ወደ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ሲሻገር የአፍሪካ ተጫዋቾች በቦታው አልነበሩም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ሜዳ ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ የድሃ አገሮችን ሆኪ ወደ ኋላ ያስቀረ ዋነኛ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ተቃራኒውም ደርሷል። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲካተት ብዙ ጠንካራ አገሮች ራሳቸውን ከኦሊምፒኩ ስላገለሉ ቀሩ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነፃነቷን ያገኘችው ዚምባብዌ በመጨረሻው ሰዓት ተጠርታ ገባችና ወርቁን ወሰደች። ይኸው ሞስኮ ምሩፅ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘበት ነው። የዚምባብዌን ተጫዋች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቀሪ አገሮችን ሳይጠቅስ ድሉን ብቻ ማወደስ የለበትም፤ ቀሪ አገሮችን እየጠቀሰ ድሉን ማጣጣልም የለበትም። የተሳተፉት ስድስት ቡድኖች እንደነበሩ፣ ዚምባብዌም እያንዳንዳቸውን ገጥማ ከሁሉ በላይ እንደጨረሰች መጻፍ በቂ ነው፤ የቀረውን አንባቢ ራሱ ይመዝናል። ቡድኑ በሙሉ በነጭ ተጫዋቾች የተዋቀረ እንደነበርም መነገር አለበት፤ ያ የዚያ ዘመን የደቡባዊ አፍሪካ እውነታ ነውና።

አንድ የምሳሌ አንቀጽ

ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ ብዙዎች የዘመናት ሁሉ ምርጥ ሴት የሆኪ ተጫዋች የሚሏትን አርጀንቲናዊት እወስዳለሁ።

«ሉሲያና አይማር ነሐሴ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. በሮሳሪዮ ከተማ ተወለደች። በአማካይ ቦታ የምትጫወት ሲሆን ከ1998 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ለአርጀንቲና ዋና ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋለች። በአራት ኦሊምፒኮች ተሳትፋ በአራቱም ሜዳሊያ አግኝታለች፤ በሲድኒ 2000 ብር፣ በአቴንስ 2004 እና በቤጂንግ 2008 ነሐስ፣ በለንደን 2012 ብር። የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘችም። የዓለም ዋንጫን ሁለት ጊዜ አንስታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በፐርዝ እና በ2010 በትውልድ ከተማዋ በሮሳሪዮ፤ በሁለቱም ፍፃሜዎች የተሸነፈችው ኔዘርላንድስ ነበረች። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች አድርጎ ስምንት ጊዜ መርጧታል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. በሜንዶሳ የሻምፒዮንስ ትሮፊን ካነሳች በኋላ ከብሔራዊ ቡድን ተሰናብታለች።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የግብ ቁጥር የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። አማካይ ተጫዋች በመሆኗ የእሷ ሥራ ኳስን ከተከላካዮች መካከል እየነዱ ማውጣትና ለሌላው ማድረስ ነበር፤ የግብ ቁጥር ቢገባ የአንባቢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ይሆናል። «የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘችም» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ደግሞ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ስምንት ጊዜ የዓለም ምርጥ የተባለች ተጫዋች አራት ጊዜ ለወርቅ ተጉዛ ያለ ወርቅ መመለሷን የሚደብቅ ጽሑፍ አድናቂዋን ያስደስት ይሆናል፤ ለእሷ ግን ታማኝ አይሆንም። ወርቅን ብቻ መቁጠር የለመድን የሯጮች አገር ሰዎች ስለሆንን፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ በአግባቡ ጽፎ ማቅረብ ለእኛ አንባቢ በተለይ ይጠቅማል። የቀኖቹ አጻጻፍም ከላይ እንደመከርኩት ነው፤ ውድድሮቹ በዓለም አቀፍ ስማቸው፣ ልደቷና ስንብቷ በእኛ አቆጣጠር።

ስለ አክብሮት አጠራርም አንድ ነገር ልበል። በሜዳ ላይ ያለችን ወጣት «ተሰለፈች» ማለት የተለመደ ነው፤ እንደ ሶሃል ያሉትን አረጋዊ ግን «ተሰልፈዋል» ማለት ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ ይስማማል። የሞቱ የቀድሞ ሰዎችን በተመለከተ በስፖርት ጽሑፋችን ሁለቱም ልማድ አለ፤ አበበ ቢቂላን «አሸነፈ» ስንል ክብሩን አልነሳነውም። ዋናው ነገር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያው ሰው በአንዱ አንቀጽ «እሱ»፣ በሌላው «እሳቸው» እንዳይሆን ነው። የውጭ ስሞችንም በአንድ ዓይነት ፊደል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፉ፤ በኋላ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኛቸው።

ከመታተሙ በፊት

ጽሑፉን ሆኪ ለማያውቅ፣ ግን ስፖርት ለሚወድ አንድ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለት። የሚያቋርጥዎትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ወይ ሕጉ አልተብራራም፣ ወይ ዓመቱ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ብቻ በተለየ ወረቀት ላይ አውጥተው አንድ በአንድ ከጨዋታ ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ተጫዋቹ ገና በሜዳ ላይ ያለ ከሆነ፣ ከጨዋታና ከግብ ብዛት አጠገብ መረጃው እስከ የትኛው ወርና ዓመት እንደሆነ ይጻፉ፤ ከሚቀጥለው ውድድር በኋላም ተመልሰው ቁጥሩንና ቀኑን አብረው ይቀይሩ።